የዐፈር ትምህርት በጠርሙስና በጉድጓድ

ባለፈው ሰሞን ከአንድ የገጠር ተማሪ ቤት የተላከ ደብዳቤ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ከኮሌጅ ከወጡ ገና ሁለተኛ ዓመታቸውን የያዙ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ስለ ዓለም ዐፈሮች አስተምረው እንደ ጨረሱ ለተማሪዎቻቸው ፈተና ሰጡ። «ቸርኖዜም የሚባለው ዐፈር የት ይገኛል?» ለሚለው ጥያቄ ሁሉም «በዩክሬንና በደቡብ ሩሲያ» ብለው በትክክል ጻፉ። «ፖድዞልስ?» ለሚለውም «በሰሜን አውሮፓ፣ በጥድ ደን ሥር» ብለው መለሱ። መምህሩ ደስ ብሏቸው «በሉ እንግዲህ፣ ይህ የምንረግጠው የግቢያችን ዐፈር ስሙ ማን ነው?» ብለው ቢጠይቁ ክፍሉ ጸጥ አለ። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ አንገቱን ደፍቶ፣ «ዋልካ ነው መምህር፤ ግን መጽሐፉ ላይ የለም» አለ።

መምህሩ የሚሹት ምክር ነው። «ቤተ ሙከራ የለንም፤ ያለን ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ ነው። ታዲያ ስለ ዐፈር እንዴት ላስተምር?» ይላሉ። እኔን ግን ከጥያቄው ይልቅ የነካኝ የልጁ መልስ ነው። ይህ ልጅ ዋልካን አሳምሮ ያውቀዋል። አባቱ ጤፍ የሚዘሩበት፣ በክረምት የበሬ እግር የሚይዝ፣ በበጋ ደግሞ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት መሬት ነው። ነገር ግን በመጽሐፍ ስላላገኘው ዕውቀት መሆኑን ተጠራጠረ። መልሱንም የሰጠው እንደ ጥፋት አድርጎ ነው።

እኔም ከዚያ ልጅ አልሻልም፤ እንዲያውም የባስኩ ነኝ። በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ ከደመወዜ እየቆጠብኩ በከተማው ዳር ሁለት ክፍል ቤት ለማቆም ተነሣሁ። ቦታው ሜዳ፣ ዐፈሩም ጥቁር ነበር፤ ርካሽ ሆኖ የተገኘበትን ምክንያት ግን አልመረመርኩም። ግንበኞቹ ድንጋይ ሲደረድሩ ጎረቤት የሆኑ አንዲት አሮጊት በአጠገቤ አልፈው ሲሄዱ ቆም አሉና፣ «ልጄ፣ ይህ እኮ ዋልካ ነው፤ መሠረቱን አጥልቀኸዋል?» አሉኝ። «እማማ፣ አያስቡ፤ ግንበኛው ያውቃል» ብዬ በትሕትና አሳለፍኳቸው። በልቤ ግን «እሳቸው ስለ ግንብ ምን ያውቃሉ!» ብዬ ነበር። ሁለት ክረምት እንዳለፈ ከመስኮቱ ማእዘን ተነሥቶ ጣራው ድረስ የወጣ ስንጥቅ ታየ። ሦስተኛው ክረምት ሲመጣ በሩ አልዘጋ አለ፤ በበጋ ደግሞ አልከፈት አለ። የአራት ዓመት ቁጠባዬ እንዲህ ሆኖ ቀረ። እማማ ግን አንድም ቀን «አላልኩህም?» አላሉኝም፤ ለጨዋነታቸው ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

ዋልካ ይህን ተንኮል የሚሠራው እንዴት ነው? ዐፈር ከሦስት ዓይነት ቅንጣቶች የተቀላቀለ ነው። ትልልቆቹ አሸዋ፣ መካከለኞቹ ደለል፣ ከሁሉ የደቀቁት የሸክላ ቅንጣቶች ይባላሉ። የሸክላው ቅንጣት ከአንድ ሚሊ ሜትር 500 እጅ አንዱን እንኳ አያክልም። በዋልካ ውስጥ የሚበዛው የሸክላ ዓይነት ደግሞ እንደ ተደራረበ ወረቀት ሆኖ የተሠራ ነው። ዝናብ ሲመጣ ውሃው በወረቀቶቹ መካከል ገብቶ ያራርቃቸዋል፤ ዐፈሩም ያብጣል። ፀሓይ ሲወጣ ውሃው ይወጣና ወረቀቶቹ ተመልሰው ይጠጋጋሉ፤ ዐፈሩም ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ቤት በላዩ የተሠራ እንደ ሆነ በክረምት ይነሣል፣ በበጋ ይወርዳል። ሁሉም ወገን እኩል ቢነሣ ባልከፋ፤ ነገር ግን ከቤቱ ዳር ያለው ዐፈር ቀድሞ ይርሳል፣ ከመካከል ያለው ይዘገያል፤ ስለዚህ ግድግዳው በመካከል ይቀደዳል። መድኃኒቱ ጥቁሩን ዐፈር አውጥቶ በሌላ መሙላት፣ ወይም መሠረቱን እርጥበቱ ከክረምት እስከ በጋ እምብዛም ወደማይለዋወጥበት ጥልቀት ማውረድ፣ የጣራውንም ውሃ በቦይ ከቤቱ ማራቅ ነው። ዛሬ ቦታ ለመግዛት የምታስቡ ወጣት ሠራተኞች ካላችሁ፣ ከደላላው አስቀድማችሁ መሬቱን በበጋ ሄዳችሁ እዩት፤ ስንጥቁ ራሱ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። የዓለም የዐፈር ሊቃውንት ዋልካን «ቨርቲሶል» ይሉታል። ቃሉ ከላቲን «መገልበጥ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ ምክንያቱም በበጋ የላዩ ዐፈር በስንጥቁ ውስጥ እየወደቀ ይገባል፣ በክረምት ሲያብጥ ደግሞ የታችኛው ወደ ላይ ይገፋል፤ ዐፈሩ ራሱን በራሱ ያርሳል ማለት ነው። በህንድ አገር በደካን አምባ ሰፊ ቦታ ይዞ ይገኛል፤ ጥጥ ስለሚበቅልበት «ጥቁር የጥጥ ዐፈር» ብለውታል። የእኛ መንገድ መሐንዲሶችም «ብላክ ኮተን» የሚሉት ከዚሁ የመጣ ነው። በሱዳን የጀዚራ ሜዳ፣ በአውስትራሊያ ምሥራቅ፣ በአሜሪካ ቴክሳስ ይህንኑ ዐፈር ታገኙታላችሁ። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሔክታር በላይ ይሸፍናል። እንግዲህ ልጁ የመለሰው መልስ የአንድ መንደር ስም ሳይሆን በአራት ክፍለ ዓለም የሚገኝ ዐፈር ስም ነው። መምህር ሆይ፣ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ይሁን፤ ልጁን በስሙ ጠርተው ይንገሩለት።

ሁለተኛው ትምህርት የእግር ጉዞ ነው። ተማሪዎቹን ይዘው ከኮረብታው ራስ እስከ ወንዙ ይውረዱ። ከላይ ጭንጫ ያገኛሉ፤ ዐፈሩ ስስ ነው፣ ድንጋዩ ፊቱን አውጥቷል። ከወገቡ ላይ ቀዩን ዐፈር ያገኛሉ። ከታች ሜዳው ላይ ሲደርሱ መረሬው ወይም ዋልካው ይቀበላቸዋል። ድንጋዩ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ጥቁር ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ታዲያ አንድ ድንጋይ እንዴት ቀይም ጥቁርም ዐፈር ወለደ? ልዩነቱን የሚያመጣው በአመዛኙ የውሃው አካሄድ ነው። በወገቡ ላይ ውሃው እየጠለለ ይወርዳል፤ አየርም ይገባል፤ በድንጋዩ ውስጥ የነበረው ብረት ይዝጋል፤ ቀዩ ቀለም ይህ ዝገት ነው። ከታች ግን ውሃው ይተኛል፤ ከላይ ታጥቦ የመጣው ካልሲየምና ማግኒዚየምም እዚያው ስለሚከማች የሚያብጠው ሸክላ ይፈጠራል። ብዙ ጊዜ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ዐፈሩ አመድማ ወይም ሰማያዊ ይመስላል፤ አየር ስላጣ ብረቱ አልዛገም ማለት ነው።

ይህን ከኮረብታ እስከ ሜዳ ያለውን የዐፈር ተከታታይነት መጀመሪያ ስም ያወጣለት ጄፍሪ ሚልን የተባለ የእንግሊዝ ተወላጅ ነው። በ1930ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በታንጋኒካ የዐፈር ካርታ ሲያዘጋጅ ይህንኑ ነገር በየኮረብታው ተመልክቶ «ካቴና» አለው፤ በላቲን ሰንሰለት ማለት ነው። ዛሬ በዓለም የዐፈር መጻሕፍት ሁሉ የሚነበበው ይህ ቃል የተገኘው እዚሁ በምሥራቅ አፍሪካ ኮረብታዎች ላይ ነው። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ደረታቸውን ነፋ ቢያደርጉ ክፋት የለውም።

ሦስተኛው ትምህርት ጠርሙስ ብቻ ይፈልጋል። አፈ ሰፊ ባዶ የማርመላታ ጠርሙስ ውሰዱ። ድንጋዩንና ሥሩን ለቅማችሁ ሲሶውን ዐፈር ሙሉበት፤ ውሃ ጨምሩ፤ ትንሽ ቁንጥር የልብስ ሳሙና ዱቄት ጣል አድርጉበት፤ ክዳኑን ገጥማችሁ ክንዳችሁ እስኪደክም ናጡት። ከዚያ በመስኮቱ ላይ አስቀምጡና አትንኩት። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ያህል ጊዜ ከታች ይዘቅጣል። ደለሉ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል። የሸክላው ውሃ ግን በማግስቱም ሳይጠራ ይቆያል፤ አንዳንዱ ብዙ ቀን ይፈልጋል። ሲጠራ ሦስቱን ንብርብር በማስመሪያ ለክታችሁ ከመቶ ስንት ስንት እንደ ሆነ ማስላት ትችላላችሁ፤ የሒሳብ መምህሩም በዚህ ይደሰታሉ። በውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ጥቁር ነገር የቅጠልና የሥር ብስባሽ ነው። ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን አቁሙ፤ አንዱን ከጓሮ፣ አንዱን ብዙ ጊዜ ከታረሰ ማሳ። በሁለቱ መካከል የሚታየውን ልዩነት እኔ ከምነግራችሁ ራሳችሁ ብታዩት ይሻላል።

ጠርሙስ ከሌለ ጣት አለ። ዐፈሩን አርሳችሁ እንደ ሊጥ ለውሱትና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፋችሁ እንደ ጥብጣብ አውጡት። አሸዋማ ከሆነ ገና ሲጀመር ይፈረፈራል። እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ሄዶ ቢቆረጥ የተመጣጠነ፣ ለእርሻ የተመቸ ዐፈር ነው። ከአምስት ሴንቲ ሜትር ካለፈ ሸክላው በዝቶበታል። ሸክላ ሠሪ እናቶች ይህን ሙከራ ማንም ሳያስተምራቸው ያደርጉታል፤ ለምጣድ የሚሆነውን ጭቃ የሚመርጡት በዚሁ ነው። ከአካባቢው አንዲት ሸክላ ሠሪ ለአንድ ሰዓት ወደ ክፍል ቢጋበዙ ከብዙ ገጽ ንባብ የበለጠ ይጠቅማል። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን እንደሚያጨማድድ አውቃለሁ፤ ያጨማድድ።

አሁን የዓለምን ዐፈሮች አንድ ሁለት እንመልከት፤ ምክንያቱም ልጆቹ በቃላቸው የያዙት ስም ትርጉም ሊያገኝ የሚገባው ነው። ቸርኖዜም በሩሲያ ቋንቋ «ጥቁር መሬት» ማለት ነው። በ1870ዎቹ ሩሲያን ድርቅ ስለ መታት ቫሲሊ ዶኩቻዬቭ የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ ጥቁሩን መሬት እንዲመረምር ተላከ። ከእርሱ በፊት የነበሩ ሰዎች ዐፈርን የተፈጨ ድንጋይ ብቻ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ስለ ጥቁሩ መሬትም አንዱ «ባሕር ትቶት የሄደ ጭቃ ነው» ሲል ሌላው «የደረቀ ረግረግ ነው» ይል ነበር። ዶኩቻዬቭ ግን በየሜዳው ጉድጓድ እያስቆፈረ ተመለከተ፤ በ1883 ባወጣው መጽሐፉም ዐፈሩን የሠራው ሣር መሆኑን አስረዳ። የሣሩ ሥር በየዓመቱ በብዛት ይሞታል፤ ክረምቱ ብርድ፣ በጋውም ደረቅ ስለ ሆነ ብስባሹ ቶሎ አያልቅም፤ ስለዚህ በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ እስከ አንድ ሜትር የሚጠልቅ ጥቁር ዐፈር ተከማቸ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ቸርኖዜምም ጥቁር ነው፣ ዋልካችንም ጥቁር ነው፤ ነገር ግን የጥቁረታቸው ምክንያት አንድ አይደለም። ቸርኖዜምን ያጠቆረው የብስባሹ ብዛት ነው። በዋልካ ውስጥ ያለው ብስባሽ ግን ጥቂት ነው፤ ከሸክላው ጋር አጥብቆ ስለ ተያያዘ ብቻ ብዙ መስሎ ይታያል። በቀለም ብቻ የሚፈርድ ይሳሳታል።

ዶኩቻዬቭ ያስተማረው ትልቁ ነገር ዐፈር በአየር ጠባይ፣ በሕያዋን ነገሮች፣ በድንጋዩ ዓይነት፣ በመሬቱ አቀማመጥና በዕድሜ የሚሠራ ራሱን የቻለ ፍጥረት መሆኑን ነው። በ1941 ሐንስ ጄኒ የተባለ በካሊፎርኒያ ያስተምር የነበረ ሊቅ እነዚህን አምስት ነገሮች በአንድ ቀመር አስቀመጣቸው። ተማሪው አምስቱን ከያዘ የቀሩትን ስሞች በቃል ማጥናት አያስፈልገውም፤ አገሩ ሲነገረው ዐፈሩን መገመት ይችላል።

እስቲ እንሞክረው። በሰሜን አውሮፓ ብርድ አለ፣ እርጥበት አለ፣ የጥድ ደን አለ። የጥድ ቅጠል ሲበሰብስ ኮምጣጣ ነው፤ ውሃው ይህን ኮምጣጤ ይዞ ሲወርድ ብረቱን አጥቦ ወደ ታች ይወስደዋል። በላይ የሚቀረው አመድ የመሰለ ነጭ አሸዋ ነው። ፖድዞል የሚለውም የሩሲያ ቃል «ከሥር አመድ ያለው» ማለት ነው። ገበሬው ሲያርስ ከጥቁሩ ልባስ በታች አመድ የሚመስል ነገር ስላየ እንዲህ አለው። እንግዲህ የሊቃውንቱ ቃላት ቸርኖዜምም ሆነ ፖድዞል ከገበሬ አፍ የተወሰዱ ናቸው። የሩሲያ ገበሬ የሰጠው ስም ወደ መጽሐፍ ከገባ ዋልካና መረሬ የሚያሳፍሩበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ አማዞን እንሂድ። ደኑ ግዙፍ ስለ ሆነ ዐፈሩ እጅግ ለም ይመስለናል። ግን በአብዛኛው አይደለም። ሙቀትና ዝናብ ለብዙ ዘመን አጥበውት የቀረው ብረትና አሉሚኒየም የበዛበት ድኻ ዐፈር ነው፤ ምግቡ ያለው በዛፎቹ አካል ውስጥ ነው። ቅጠሉ ወድቆ ሲበሰብስ ሥሮቹ ወዲያው ይመልሱታል። ደኑን የመነጠረ ሰው ሁለት ሦስት ዓመት ያመርትና ከዚያ መሬቱ ይነጥፍበታል። ሳተላይት በሰበሰበው መረጃ ተመርኩዘው በ2015 ጥናት ያወጡ ሰዎች እንዳሉት ከሰሓራ ምድረ በዳ ነፋስ የሚያነሣው አቧራ አትላንቲክን ተሻግሮ በዓመት ወደ 22 ሺህ ቶን ፎስፎረስ ለአማዞን ያደርሳል። ከአቧራው ብዙው የሚነሣው ቻድ አገር ካለው ከቦዴሌ ዝቅተኛ ቦታ፣ ከደረቀ የጥንት ሐይቅ ወለል ነው። የአፍሪካ አቧራ የደቡብ አሜሪካን ደን ያበላል ማለት ነው።

በዚያው በአማዞን ግን አስደናቂ ነገር አለ። በድኻው ዐፈር መካከል እዚህም እዚያም ጥቁርና ለም የሆነ መሬት ይገኛል፤ በፖርቱጋል ቋንቋ «ቴራ ፕሬታ» ይባላል። ሲቆፈር የከሰል ስብርባሪ፣ የዓሣ አጥንትና የሸክላ ገል ይወጣበታል። አውሮፓውያን ከመድረሳቸው በፊት በዚያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ጥራጊያቸውንና ከሰላቸውን እያከማቹ የሠሩት ዐፈር ነው። ከሰሉ ለብዙ መቶ ዓመታት ስለማይበሰብስ ዛሬም ለምነቱን ይዟል። የጉራጌና የሲዳማ እንሰት የሚያድግበት ጓሮም ከዚህ ጋር ዝምድና አለው፤ ፍጉና ጥራጊው ለትውልዶች ስለ ተጣለበት ከሩቁ ማሳ ይልቅ ይለማል። ሰው ዐፈርን የሚያጠፋ ብቻ ሳይሆን የሚሠራም ነው።

የሚያጠፋበትንም አንሸሽግ። በአንዳንድ ደጋ አገራችን ገብስ ለመዝራት ዐፈሩን ከነሣሩ ከምሮ ማቃጠል የቆየ ልማድ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አዝመራው ያምራል፤ እሳቱ የታሰረውን ምግብ ይፈታዋልና። ነገር ግን ብስባሹ ተቃጥሎ ስለሚያልቅ ሸክላውም ተጠብሶ እንደ አሸዋ ስለሚሆን መሬቱ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለረጅም ጊዜ ማረፍ ግድ ይሆንበታል። ኩበት ማንደድም እንዲሁ ለማሳው የሚገባውን ለምድጃ መስጠት ነው። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም፤ ማገዶ የሌላት እናት እንጀራውን በምን ትጋግር?

ከውጭ የተማርነውን ያህል ከቤት የምንማረውም አለ። በዋልካ ላይ ክረምት ውሃ ስለሚተኛ ገበሬው ዝናቡ እስኪያልፍ ጠብቆ ይዘራል፤ እህሉም በቀረችው እርጥበት ብቻ ያድጋል፤ ስለዚህ ምርቱ ያንሳል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ግን ገበሬው ከቤተ ሰቡ ጋር ዐፈሩን በእጅ እየዛቀ ሰፊ መደብና ፈሰስ ያበጅ ነበር፤ ውሃው በፈሰሱ ይወርዳል፣ ስንዴው ከመደቡ ላይ ይቆማል። ሥራው ወገብ ይቆርጣል። በ1980ዎቹ አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ የከብት እርባታ ዓለም አቀፍ ማእከል ሁለት የአገር ማረሻ አጣምሮ ይህንኑ መደብ በበሬ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። የኮንሶ ሰዎች በድንጋይ የገነቡት እርከን ደግሞ በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

አንድ ጉድጓድ ሳትቆፍሩ ይህ ትምህርት አያልቅም። ጥልቀቱ አንድ ሜትር፣ አንዱ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ፀሓይ የሚያገኘው ይሁን። ከላይ ጠቆር ያለውን ንብርብር ለኩ፤ ቀለሙ የሚለወጥበትን ቦታ በምስማር ምልክት አድርጉ። የሥሮቹን ጥልቀት፣ የትሎቹን ብዛት ቁጠሩ። ቻርልስ ዳርዊን በ1881 ባሳተመው የመጨረሻ መጽሐፉ የመሬት ትሎች በብዙ ቦታ በአንድ ኤከር መሬት ላይ በዓመት ከአሥር ቶን የሚበልጥ ዐፈር በሆዳቸው እንደሚያሳልፉ አስልቷል፤ ብዙ ሰው ትል ቆጠረ ብሎ ስቆበት ይሆናል። በግድግዳው ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉ፤ ቢፈላ ኖራ አለበት ማለት ነው። ከዚያም ዐፈሩን በጥቂቱ አርሳችሁ አሽትቱ። ያ በመጀመሪያው ዝናብ ቀን የሚያውደን ሽታ የሚወጣው በዐፈር ውስጥ ከሚኖሩ ረቂቅ ተሐዋስያን ነው። ከእነዚሁ ወገን ከሆነው በ1943 በአሜሪካ አገር በሰልማን ዋክስማን ቤተ ሙከራ አልበርት ሻትዝ የተባለ ተማሪ ስትሬፕቶማይሲንን አገኘ፤ ሳንባ ነቀርሳን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው መድኃኒት ይህ ነው። ዋክስማን በ1952 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የተወለደው ያ ጥቁር መሬት በሞላበት በዩክሬን ነበር።

ጉድጓዱ አጠገብ ቆማችሁ ልጆቹን አንድ ነገር ጠይቋቸው፦ ይህ የላዩ ጥቁር ንብርብር ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? አንዷን ሴንቲ ሜትር ለመሥራት ብዙ ጊዜ ከመቶ ዓመት በላይ፣ አንዳንዴም እስከ ሺህ ዓመት ይፈጃል። ቁልቁለት ላይ ያለ እርከን የሌለው ማሳ ግን ያን ያህሉን በጥቂት ክረምት ሊያጣው ይችላል። የጥንት ግብፃውያን አገራቸውን «ኬሜት» ይሉ ነበር፤ ጥቁሩ ምድር ማለት ነው። ያጠቆረው በአብዛኛው ከእኛ ደጋ በዓባይና በተከዜ የወረደ ዐፈር ነው። በ1970 የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ካለቀ ወዲህ ደለሉ ግብፅ ማሳ ላይ አይደርስም፤ በግድቡ ሐይቅ ውስጥ ይተኛል። አሁን ደግሞ በ2025 የተመረቀው የራሳችን ህዳሴ ግድብ አለ፤ ከጎጃምና ከወሎ ማሳ የሚታጠበው ዐፈር የሚተኛበት ሐይቅ የራሳችን ሆነ ማለት ነው። ከአንድ ማሳ የጠፋው ዐፈር ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ አንድ ጊዜ ገበሬውን፣ አንድ ጊዜ መብራት ከፋዩን። አሜሪካውያን ይህን የተማሩት ሣሩን ገልብጠው ካረሱ በኋላ በ1930ዎቹ ድርቅና ነፋስ ሲመጣባቸው ነው። ሚያዝያ 14 ቀን 1935 የተነሣው የአቧራ ማዕበል ቀኑን ጨለማ አደረገው፤ በዚያው ወር መንግሥታቸው የዐፈር ጥበቃ ሕግ አወጣ።

ዐፈር ሳይታጠብም ይታመማል። በምዕራብና በደቡብ ደጋችን ዝናቡ ካልሲየሙን አጥቦ ስለ ወሰደው መሬቱ ኮምጥጧል። ከሚታረሰው መሬታችን ከመቶ 40 ያህሉ ይህ ሕመም አለበት። ኮምጣጣ ዐፈር ውስጥ አሉሚኒየሙ ይሟሟና የእህሉን ሥር ያቆረፍደዋል፤ ፎስፎረሱንም አስሮ ይይዘዋል። ገበሬው ማዳበሪያ በውድ ገዝቶ ይጨምራል፤ ገብሱ ግን ቢጫ ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ የተፈጨ ኖራ ነው፤ ለአንድ ሔክታር ግን በኩንታል ሳይሆን በቶን ስለሚለካ ችግሩ ማጓጓዣው ነው። እናንተ በወረዳ መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ወጣቶች፣ «ማዳበሪያው ሐሰተኛ ነው» ብሎ አቤቱታ የሚያቀርብ ገበሬ ሲመጣባችሁ ከመመለሳችሁ በፊት የዐፈሩን ምርመራ ውጤት ጠይቁ፤ ካልተመረመረም ናሙናው እንዲላክ አድርጉ። ሰውየው ዋሽቶ ላይሆን ይችላል፤ ማዳበሪያውም ሐሰተኛ ላይሆን ይችላል።

መምህር ሆይ፣ እንግዲህ ለሚቀጥለው ፈተናዎ አንድ ጥያቄ ላበድርዎ፦ «ከአባትህ ወይም ከእናትሽ ጠይቃችሁ የሦስት ዐፈር ስም ጻፉ፤ እያንዳንዱ ምን እንደሚዘራበት፣ ውሃ እንደሚይዝ ወይም እንደሚያሳልፍ፣ በዓለም ላይ የትኛውን ዐፈር እንደሚመስል አስረዱ።» መልሱን ለማረም ከባድ ይሆንብዎታል፤ እርስዎ ራስዎ የማያውቁት ስም ይመጣብዎታልና። ያን ጊዜ ወላጁን ተማሪ ቤት ድረስ ማስጠራት ነው። ጉድጓዱን ሲያስቆፍሩም ያ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ቦታውን ይምረጥ። ዶማውን ግን አስቀድመው ከጎረቤት ይዋሱ፤ የተማሪ ቤት ዶማ ሁልጊዜ እጀታው የወለቀ ነው።